በሳቅ መሀል የወረደው ዱላ

ስጦታው ሲሞት ሕዝቡ እየሳቀ ነበር።

የሞጣ ገበያ ቀን ነው። «ሳቅ ቀላቢዎች» የሚባሉት የቢቸና ልጆች በገመድ በታጠረ ሜዳ ላይ፣ በድንኳናቸው ደጃፍ ትርኢት ያሳያሉ። ቀላቢው አምላኩ እንደ ልማዱ ዱላዎቹን ወደ ላይ እያጎነ ሲቀልብ ቆየና ቀዩን ከመሬት አንሥቶ ከሁሉም አስበልጦ ወደ ሰማይ ላከው። የቡድኑ አለቃና አሳቂ ስጦታው ከሥሩ ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ አንጋጠጠ። ሌሎቹ ጨርቅ የለበሰ እንጨት ናቸው፤ ቀዩ ዱላ ግን ስፖንጅ የተሞላ ጨርቅ ነው። ግንባሩን ይመታዋል፤ እሱም እንደ ተቆረጠ ዛፍ ይዘረራል፤ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። ያን ቀንም መታው፤ ተዘረረም። ደሙ ከአፍንጫውና ከጆሮው ወርዶ አቧራውን ሲያርሰው እንኳ ፊት ለፊት የቆሙት «አቤት ሲያውቅበት!» እያሉ ያጨበጭቡ ነበር። ሳቁን የቆረጠው የቀላቢዋ የሀሲና ጩኸት ነው።

ኢንስፔክተር ይርጋነሽ ስትደርስ ሕዝቡ ሌላ ሰው እየገደለ ነበር። ዱላዎቹን የሚሰፋውና የሚጠብቀው ይታያል የሚባለው የቡድኑ ልጅ መሆኑን አንዱ ተናግሮ ኖሮ፣ ልጁን መሬት ለመሬት እየጎተቱ በእርግጫና በድንጋይ ያደቁታል። ይርጋነሽ ሽጉጧን ወደ ሰማይ ተኩሳ መሀላቸው ገባች።

«የሚቀጥለውን ድንጋይ የሚያነሣ ከእኔ ጋር ይሄዳል!»

ይታያልን ወደ ጤና ጣቢያ ላከችና ቀዩን ዱላ አነሣች። ክንዷ ወደ ታች ወረደ። በጩቤ ስትቀድደው ከስሱ ስፖንጅ ሥር በሽቦ የታሰረ የፌሮ ብረት ወጣ።

አምላኩ ጉልበቱን አቅፎ ይንሰቀሰቃል።

«በእጄ አስገደሉኝ፣ ኢንስፔክተር! ወንድሜን በገዛ እጄ!»

«ስታነሣው አልከበደህም?»

«በጨዋታ መሀል ማን ልብ ይላል? መክበዱን ያወቅሁት ከእጄ ከወጣ በኋላ ነው።»

ይርጋነሽ እጁን አየችው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ቆዳው ተልጦ፣ ሥጋው ገና ቀይ ነበር።

ሀሲና ቢቸና ያደገች የሞጣ ነጋዴ ልጅ ናት። አላለቀሰችም።

«ስጦታውን ማን ይጠላው ነበር?» አለቻት ይርጋነሽ።

«በሰው ፊት ስጦታው ይመታል፤ ቤት ስንገባም ስጦታው ይመታል።»

ይርጋነሽ የቅኔ መምህር ልጅ ናት፤ ቃል ሁለት ፊት እንዳለው እየሰማች ነው ያደገችው።

«የፊተኛው ጠብቆ፣ የኋለኛው ላልቶ?»

ሀሲና ሻሿን ገለጥ አደረገች። ከጆሮዋ ኋላ ያለው ቁስል በቅጡ አልሻረም።

«መጀመሪያ ቢቸና ገበያ ድንች ነበር የምንወረውረው። ስንጥል እሱም አብሮን ይስቅ ነበር። ዝና ስናገኝ ጊዜ ግን፣ ዱላ የጣለ በዚያው ዱላ ይመታ ጀመር። ይታያል ከሁላችን የተሻለ ቀላቢ ነበር፤ የእጁን አንጓ የሰበረው ስጦታው ነው። ስፌት የያዘው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔንም ባለፈው ሳምንት እንዲህ አደረገኝ።»

ይታያል ከጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ሆኖ፣ ባበጠ ዐይኑ የተቀደደውን ጨርቅ አስጠግቶ አየ።

«ይህ የእኔ ስፌት አይደለም» አለ።

«ሆን ብለህ አበላሽተኸው ቢሆንስ?»

«እጠላው ነበር፣ ኢንስፔክተር። ያን አልክድም። ግን አልገደልሁትም።»

ይርጋነሽ ማታውኑ በስልክ የተቀረጹ ሁለት ተንቀሳቃሽ ምስሎችን አፈላልጋ አገኘች፤ አንዱ የሞጣው፣ ሌላው ቀደም ሲል ደብረ ወርቅ ላይ ያሳዩት። ደጋግማ አየቻቸው።

በማግስቱ የስጦታው አስከሬን ወደ ቢቸና ተወሰደ። ከቀብሩ በኋላ ይርጋነሽ ቡድኑ የሚለማመድበትን ግቢ ለማየት ገባች። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ገብርኤል ናቸው።

«እማማ፣ ሰሞኑን የተለየ ነገር አይተዋል?»

«ማየትስ አላየሁም፣ ልጄ። ግን ከጓሮ ድም፣ ድም ይላል። በርበሬ የሚወቅጡ መስሎኝ ነበር።»

ከጓሮ፣ ከገለባው ሥር፣ መሬቱ በጥልቅ ጉድጓዶች ተበሳስቶ ነበር። በአንዱ ውስጥ ቀይ ክር ተጣብቋል።

ሁሉንም እዚያው ግቢ ሰበሰበቻቸው፤ ይታያልንም ሁለት ፖሊሶች ደግፈው አመጡት። አሮጌዎቹ ዱላዎች ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል።

«ሁላችሁም ስጦታውን የምትጠሉበት ምክንያት ነበራችሁ» አለች። «ስለዚህ ጥላቻችሁን ትቼ ዱላውን ጠየቅሁት። ይታያል ወይም ሀሲና ፌሮውን በድብቅ ከትተውት ቢሆን ኖሮ፣ አምላኩ የለመደውን ቀላል ዱላ መስሎት በለመደው ጉልበት ይወረውር ነበር። ያን ያህል ብረት ደግሞ በዚያ ጉልበት ከራሱ በላይ አይሻገርም። ምስሎቹን ተመልከቱ። ስፖንጁ ደብረ ወርቅ ላይ ከድንኳኑ ምሰሶ ጫፍ ደርሷል። ፌሮውም ሞጣ ላይ እዚያው ጫፍ ደርሷል። ወርዶም ያረፈው እዚያው ግንባር ላይ ነው።»

አምላኩ ቀና አለ። «አጋጣሚ ነው።»

«ብረት በአጋጣሚ አይወጣም። ያነሣኸው እግርህን ከፍተህ፣ ወገብህን ሰብረህ ነው፤ ደብረ ወርቅ ላይ ግን ቀጥ ብለህ ቆመህ ነበር። መክበዱን ሳታነሣው ታውቃለህ። ከጓሮ ያለው መሬት የተበሳው ስትለማመድ ነው፤ ስፖንጅ መሬት አይበሳም። ይታያል በተሰበረ አንጓ ይህን ብረት አያጎነውም፤ የሀሲናም መዳፍ ደህና ነው። የተላጠው ያንተ እጅ ብቻ ነው።»

አምላኩ እጁን ወደ ኪሱ ሊከት ቃጣና ተወው።

«አዎ!» አለ ድንገት። «እሱ ሲቀጠቅጠን ማንም አላየም። እኔ በአደባባይ መታሁት! ሀሲና፣ ላንቺ ብዬ ነው። ጆሮሽ ሲደማ ያየሁ እኔ ነኝ።»

«እኔ አላክሁህም» አለች ሀሲና። «ይታያልን በድንጋይ ሲያደቁት የት ነበርህ? እዚያው ነበርህ። አንዲት ቃል ብትናገር ይተዉት ነበር። አንተ ግን እያለቀስህ አየህ። ለሱ ማን ደረሰለት?»

«ዝም በይ!»

አምላኩ ከግድግዳው ሥር አንዱን ዱላ ነጥቆ በአናቷ ላይ አነሣው። ፖሊሶቹ ዘለሉ። ሀሲና ግን አልሸሸችም፤ ብዙ እንደ ለመደ ሰው ዐይኗን ጨፍና ትከሻዋን ብቻ ሰበሰበች።

አምላኩ ያንን የትከሻ አሰባሰብ ያውቀዋል። ስጦታው ዱላ ባነሣ ቁጥር ከጎኗ ቆሞ የሚያየው ነበር። ዛሬ ግን ከፊቷ ቆሟል። ክንዱ አየር ላይ ቀረ።

ይርጋነሽ ቀረበችና ዱላውን ከጣቶቹ አንድ በአንድ አላቅቃ ወሰደችበት። ካቴናው ሲገባም አልታገለም።

ሀሲና ዐይኗን ስትገልጥ ወደ እሱ አላየችም። ይታያል ወዳለበት ሄደች፤ ደኅናውን እጁን አንሥታ በትከሻዋ ላይ አደረገችና ደግፋው ወጣች።