ዝናቡን መልስልኝ

ራኬብ ወደ ኪዳን ሱቅ የገባችው ጥቁር ለብሳ ነው። ኪዳን አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ስልክ ይጠግናል።

በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ አወጣች። ስክሪኑ ተሰንጥቋል።

«ውሃ ገብቶበት ነው። ድምፅ አለበት፤ እሱን አውጣልኝ። ሌላው ይቅር።»

«የማን ድምፅ?»

«የአማኑ። እጮኛዬ ነበር። ከሞተ አራት ዓመቱ።» መሐረቡን አጣጠፈች። «ፎቶው አለኝ። አፉ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ድምፁ ግን ጠፋብኝ።»

ኪዳን አንዴ አያትና ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጥ ጀመር። ብዙ አያወሩም። አንድ ቅዳሜ እሱ ሻይ አስመጣ። በሚቀጥለው እሷ ዳቦ ይዛ መጣች።

«ስማ፣ ይሄ ስልክ አይድንም» አለው ጎረቤቱ ደሜ። «አንተም አትድንም!»

ስልኩ ግን ድምፁን ከሰጠ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ኪዳን ዝም ያለው፣ ከሰጣት እንደማትመለስ ስለገባው ነው። የተቀዳው አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ ቆርቆሮ የሚደበድብ ዝናብ፣ የወንድ ድምፅ፣ በመጨረሻም የሴት ሳቅ። ሳቁን ስንቴ እንደሰማው ራሱም አያውቅም። ራኬብ ስትስቅ ግን አይቶ አያውቅም።

በመጨረሻ በራሱ አፈረ። ዝናቡን በኮምፒውተር አጠፋ፣ ሳቁን ቆርጦ ለራሱ አስቀረ፣ የሟቹን ድምፅ ብቻ አጥርቶ ጠራት።

ከአማኑ እናት ከወይዘሮ ሰርኬ ጋር መጣች። ከቀብሩ ወዲህ አብረው ይኖራሉ። ጥቁሩንም አብረው ነው የለበሱት።

ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። «ራኪ፣ ቁጭ በይ! ያባራል!»

ራኬብ ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ እሱ አይደለም።»

«እሱ ነው። አጥርቼው ነው።»

«ከምን?»

«ከዝናቡ።»

«እሱ እኮ የሚጮኸው ዝናቡን ለመብለጥ ነበር። ዝናቡን መልስልኝ።»

ኪዳን ያልተነካውን ቅጂ ከፈተ። ዝናቡ ወረደ። አማኑ ጮኸ። ከኋላው አንዲት ልጅ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች።

ወይዘሮ ሰርኬ እንባቸውን ጠረጉ። «ይቺ የምትስቀው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

አሮጊቷ ወደ ራኬብ ዞሩ።

«ልጄን እግዜር ወሰደው። ይቺን ግን እኔ ነኝ የቀበርኳት» አሉና ጥቁሩን ነጠላ ከራኬብ ትከሻ ላይ በገዛ እጃቸው አነሱት።

«ሳቁን ለራሴ አስቀርቼው ነበር» አለ ኪዳን አንገቱን ደፍቶ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ስሰማው ነበር።»

ራኬብ አየችው።

«ሌባ» አለችው፣ ቀስ ብላ።

በዓመቱ ተጋብተው ዓለም ባንክ ሰፈር ቤት ተከራዩ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመጣ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ኪዳን እቤታቸው ሦስተኛ ሰው እንዳለ ያውቃል፤ አይቀየምም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ድንገት ወረደ። ራኬብ የተሰጣ ልብስ ልታነሳ ብድግ ስትል፣ ኪዳን ሳያስበው ጮኸ።

«ራኪ፣ ቁጭ በይ! ያባራል!»

ሁለቱም ደነገጡ። ቃሉ የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ራኬብ በሩ ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ከዚያ ሳቀች፤ ትንፋሽ እስኪያጥራት።