ከሃያ ደቂቃ በኋላ

«ሁለት ናት! እዩዋት፣ ሁለት መስመር!»

ሬዲዮ መመርመሪያዋን በሁለት ማስመሪያ ቆንጥጦ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ያዛት። ልጁ ሬዲዮ የተባለው የሰማውን ሳያሰራጭ ማደር ስለማይችል ነው። ሰኞ ጠዋት የቤተ ሙከራው የጽዳት ተራ የእሱ ነበርና የቆሻሻ ቅርጫቱን ሲደፋ አገኛት። ጣት የምታክል ነጭ ፕላስቲክ ናት፤ መሃሏ ላይ ጠባብ መስኮት አላት፣ በመስኮቷ ውስጥ አንድ ደማቅ መስመር፣ ከሥሩ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ሌላ መስመር ይታያል። ምን እንደሆነች ለማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። የሳይንስ ክበቡ ኤች አይ ቪን ለመመርመርና ለመከላከል ስለተሠሩ ፈጠራዎች ኤግዚቢሽን እያዘጋጀ ስለነበር፣ አንድ መስመር «ነጻ»፣ ሁለት መስመር «ቫይረሱ አለ» ማለት መሆኑን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ከዚያ በላይ ለማወቅ ግን ማንም አልደከመም።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ አየችና አወቀቻት። መመርመሪያዋ የእሷ ነበረች።

ይህችን ልጅ ሁሉም «ደቂቃ» ይላታል። አንድም ቁመቷ አጭር ስለሆነ፣ አንድም በክበቡ ውስጥ ሥራዋ ሰዓት መያዝ ስለሆነ ነው። የሩጫ ሰዓቱን እንደ ሐብል አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትውላለች፤ ማንኛውም ሙከራ ሲጀመር የተጀመረበትን ሰዓት መጻፍ ልማዷ ነው። እናቷ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። ለኤግዚቢሽኑ የሚታዩትን መመርመሪያዎች ለክበቡ የሰጠችው እሷ ስትሆን፣ ስትሰጥም «ለማሳያ ናቸው፤ አንዷም እንዳትከፈት» ብላ አስጠንቅቃ ነበር።

ደቂቃ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ሲወጣ፣ አንዷን ከፈተች። የሚያሰጋት ነገር ኖሮ አልነበረም፤ ሁልጊዜ ሰዓት ስትይዝ ኖራ ነገሩ ሲሠራ በገዛ ዓይኗ ማየት አምሯት ነው። ጣቷን ወጋች፣ ጠብታውን አስገባች፣ ፈሳሹን ጨመረች፣ ከመመርመሪያዋ ጀርባ «9፡40» ብላ ጻፈች። አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሞላ አንድ መስመር ብቻ ታየ። በሶፍት ጠቅልላ ቅርጫት ውስጥ ጣለቻትና ወደ ቤቷ ሄደች። ታዲያ ሁለተኛዋ መስመር ከየት መጣች?

«አርብ መጨረሻ የወጣው ማነው?» አለ ሬዲዮ፣ ዳኛ ይመስል።

«ሰዓሊዋ!» አለ አንዱ ከኋላ። «ኮሪደር ላይ ፖስተር ስትቀባ ነበር። ቁልፉንም ለዘበኛው የመለሰችው እሷ ናት።»

አርባ ሁለት ራስ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ዞረ። ሰዓሊዋ ከደቂቃ ጋር በአንድ ዴስክ ነው የምትቀመጠው። ዝምተኛ ናት፤ ጣቶቿ ላይ ቀለም ጠፍቶ አያውቅም። እናትና አባት የሏትም፣ ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ለወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ያን ጠዋት ምሳር ያልያዘ አልነበረም። አንዷ «እናቷ በምን ሞተች?» አለች። ሌላዋ «የጉብኝት ቀን ክኒን ስትውጥ አይቻታለሁ፤ ስጠይቃት ቫይታሚን ነው አለችኝ» ብላ ጨመረች።

«የኔ አይደለም» አለች ሰዓሊዋ። ከዚያም ወደ ደቂቃ ዞር አለች። ሌላ ሰው ባይኖር እንኳ እሷ ትኖራለች ብላ ነው።

ደቂቃ ደብተሯን አስተካከለች። እርሳሷን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ደግሞ አግዳሚው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ዳር ፈቀቅ አለች። ፈርታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የዚያ ሳምንት ግፍ ተነግሮ አያልቅም። ማክሰኞ ሰዓሊዋ የነካችውን የቧንቧ መክፈቻ ልጆቹ በወረቀት እየያዙ መክፈት ጀመሩ። በአጠገቧ የሚያልፍ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ትንፋሹን ይቆጥባል፤ ኮሪደሩን ሳይተነፍስ የጨረሰ ይጨበጨብለታል። ዴስኳ ላይ በጠመኔ ሁለት መስመር ተሰመረ። ጠረገችው፣ ሲመለሱ ደግሞ በቢላ ተቀርጾ አገኘችው። አንድ ከታች ክፍል የመጣ ልጅ ምራቁን እግሯ ሥር ጢቅ አደረገና እየሳቀ ሮጠ።

የክበቡ ኃላፊ የሆነው የባዮሎጂ መምህራቸውም ሰዓሊዋን ጠርቶ አነጋገራት። በስድስት ወር አንዴ ተወግተው ቫይረሱን ስለሚከላከሉበት መርፌ የሚያስረዳውን ትልቁን ፖስተር የሠራችው እሷ ነበረች። ከሥሩ «ማግለል ይብቃ» ብላ በቀይ ጽፋለች። «ልጄ፣ ለአንቺው ብዬ ነው» አላት መምህሩ፣ ዓይኑን ፖስተሩ ላይ ተክሎ። «አርብ ኤግዚቢሽኑን ሊያዩ ከሚመጡት እንግዶች ፊት ባትቆሚ ይሻላል። ብሩሹንም ለሌላ ልጅ ስጪ። ለጊዜው ነው።» ብሩሹን የተረከበችው ልጅ በሁለት ጣቷ ጫፍ ይዛ ሄደች። ደቂቃ ይህን ሁሉ አየች። ሰዓቷን አስጀመረች፣ መልሳ አቆመች።

ማክሰኞ ማታ እናቷ ዕቃ ስታጥብ፣ እሷ እያደረቀች፣ እንደ ዋዛ ጠየቀቻት።

«እማ፣ አንድ መመርመሪያ በሰዓቱ አንድ መስመር ካሳየ በኋላ... በሦስተኛው ቀን ሁለት ሊሆን ይችላል?»

«ይችላል። ሲደርቅ የማይሆን መስመር ያወጣል። ለዚህ እኮ ነው በአሥራ አምስት ደቂቃ አንብቡ፣ ከሃያ አታሳልፉ የምንለው። ከዚያ በኋላ የምታይው ወሬ ነው እንጂ ውጤት አይደለም።» እናቷ እጇን ከውሃው አወጣች። «ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ለኤግዚቢሽኑ ነው» አለች ደቂቃ፤ ሳህኑን ሁለት ጊዜ አደረቀችው።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሬዲዮ ወንበር ላይ ወጥቶ አዲስ ፕሮግራም አስተላለፈ። መመርመሪያዋን በላስቲክ ጠቅልሎ «ማስረጃ» እያለ በኪሱ ይዟት ይዞራል። «ንጹሕ ከሆነች አርብ እዚሁ ፊታችን ትመርመር! አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ምን ያስፈራታል? አቦ፣ እኛም እንረፍ!» ክፍሉ ዴስክ ደበደበ። በር ላይ የነበረው መምህርም «ፈቃደኛ ከሆነች ምን ችግር አለው፤ ለትምህርትም ይሆናል» አለና ሄደ።

ደቂቃ ደስ አላት። እውነትም ደስ አላት፤ ሦስት ቀን ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር የተነሳላት መሰላት። እየሮጠች ሄዳ ሰዓሊዋን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ማንም ከማይመጣበት ቧንቧ ሥር፣ የራሷን ብሩሾች ስታጥብ አገኘቻት።

«ልንገርሽ፣ ግን አትቆጪኝ» አለች እያለከለከች። «መመርመሪያዋ የኔ ናት። አርብ የጣልኳት እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ መስመር ደግሞ ውሸት ናት፣ ዘግይታ የወጣች ናት፣ እማዬ ነገረችኝ። አርብ ተመርመሪ በቃ! አንድ መስመር ይወጣል፣ አፋቸውን ይይዛሉ። ሰዓቱን እኔ እይዝልሻለሁ።»

ሰዓሊዋ ማጠቧን አላቆመችም።

«ከሰኞ ጀምሮ ታውቂ ነበር?»

«ፈርቼ ነው፤ እማዬ እንዳትከፍቱ ብላ...»

«እግሬ ሥር ሲተፉ ታውቂ ነበር።»

«አሁን ግን መላ ተገኘ እኮ!»

«የኔ ሁለት ነው» አለች ሰዓሊዋ።

ደቂቃ አልገባትም።

«ስመረመር የሚወጣው ሁለት መስመር ነው። ከእናቴ ይዤው ነው የተወለድኩት። በየቀኑ አንድ ክኒን እውጣለሁ። ደሜ በትልቁ ማሽን ሲታይ ቫይረሱ አይገኝም፤ ሐኪሟ ክኒንሽን እስከዋጥሽ ድረስ ከማንም በላይ ጤነኛ ነሽ ትለኛለች። ይቺ ትንሿ ግን ቫይረሱን አይደለም የምትፈልገው። ሰውነቴ ከእሱ ጋር የተዋጋበትን ምልክት ነው፤ እሱ ደግሞ አይጠፋም። መቶ ጊዜ ብመረመር መቶ ጊዜ ሁለት ነው።» ውሃውን ዘጋች። «ከአክስቴና ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን አንቺ ተጨመርሽ።»

ይዛ የመጣችው መላ ሬዲዮ ካሰበው ሁሉ የከፋ እንደነበር ደቂቃ ያኔ ገባት።

«ይቅርታ...»

«አንድ ስንዝር ሸሽተሻል» አለች ሰዓሊዋ። «ሥዕል የሚስል ሰው በዓይኑ ይለካል። ሃያ ደቂቃሽ ሰኞ አልቋል፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። እንቢ ብል ያው አለባት ይላሉ፣ እሺ ብል በዓይናቸው ያዩታል። አርብ አክስቴ መሸኛዬን ልታወጣ ትመጣለች።» ብሩሾቿን በቀሚሷ ጠረገችና ሄደች።

አርብ ከምሳ በኋላ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት ጠረጴዛ ተዘርግቶ አንድ ያልተከፈተ መመርመሪያ ተቀምጧል። ፖስተሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የሠራችው ልጅ ስም ግን በነጭ ወረቀት ተሸፍኗል። ሰዓሊዋ ብቻዋን ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ አክስቷን እየጠበቀች፣ ዕቃዋን ሁሉ የከተተችበትን ቦርሳ አጠገቧ አስቀምጣ ጎንበስ ብላለች። ደቂቃ ሰዓቱን አንገቷ ላይ አድርጋ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች።

«እሺ ሰዓሊ፣ ነያ!» አለ ሬዲዮ። «ወይስ ማስረጃችን ይበቃሻል?» ላስቲኩን አወዛወዘው።

«ገልብጣት» አለች ደቂቃ።

«ምን?»

«መመርመሪያዋን ገልብጣት። ሳምንት ሙሉ በኪስህ ይዘሃት ስትዞር አንድ ጊዜ እንኳ ጀርባዋን አላየህም።»

ሬዲዮ ገለበጣት። «ዘጠኝ ከአርባ» ብሎ አነበበ፣ ድምፁ እየቀነሰ። አጠገቡ የቆመችው ልጅ አንገቷን አስግጋ አየችና «የደቂቃ ጽሑፍ ነው» አለች። የዘጠኝን ጅራት እንደ እሷ የሚቆለምም ማንም የለም።

«የኔ ናት። ባለፈው አርብ የተመረመርኩት እኔ ነኝ» አለች ደቂቃ።

ከዚያ አንዱ «ኧረ በስማም!» አለ፣ ወንበሮች ወደ ኋላ ተንሸራተቱ። ሬዲዮ ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ደጋግሞ ጠረገ።

«እንደዚያ ከሆነ አንቺ ተመርመሪያ!» አለ። «ይኸው፣ አዲስ ነው!»

ደቂቃ መመርመሪያውን አየችው። አንድ ጠብታ ደም ይበቃ ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ፣ አንድ መስመር፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ወደነበረበት ይመለሳል፤ ይቀልዱባታል፣ ይስቃሉ፣ ይረሱታል። ከዚያ ግን አንዱ ከኋላ «እሺ፣ ደቂቃ ነጻ ናት፤ ሰዓሊዋስ?» ማለቱ አይቀርም። ያንን ድምፅ ገና ሳይናገር ሰማችው። ሰዓሊዋ ቀና ብላ እያየቻት ነበር፤ ፊቷ ላይ ምስጋናም ተማጽኖም አልነበረም። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ብቻ ትጠብቃለች።

«አልመረመርም» አለች ደቂቃ።

«ለምን? አለብሽ ማለት ነዋ!»

«አልመረመርም አልኩ። ነገም አልመረመርም። እዚህ ማንም አይመረመርም።» መመርመሪያውን አነሳችና ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው።

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዶቹ እየመጡ ነው» አለ ወደ መስኮቱ እያየ። «ልጄ፣ ሰዓቱን ለጊዜው ለሌላ ሰው ብትሰጪ ይሻላል። ለአንቺው ብዬ ነው።»

ደቂቃ ሰዓቱን ከአንገቷ አወለቀች። የተቀበለችው ልጅ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አብራት ያደገችው፣ አንገቷ ላይ ከማድረጓ በፊት ገመዱን በሶፍት ጠረገችው። ጥርግ አድርጋ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ደቂቃ ቆማ አየቻት፤ አለቀሰች ማለት ይቻላል፣ ግን እንባዋ አልወረደም።

ከዚያም በረድፎቹ መካከል አለፈች። በምታልፍበት ሁሉ እግሮች ይሰበሰባሉ፣ ደብተሮች ይነሳሉ፤ የሆነ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ሰማች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ሰዓሊዋ ቀና አላለችም። የአግዳሚውን ግማሽ የያዘውን ቦርሳዋንም አላነሳችም። ደቂቃ በቀረው ቦታ ተቀመጠች።