ከግመል አንገት ላይ

ሁለት አጫጭር መስመሮች፣ ከዚያ አንድ ቅስት። ሁለት መስመሮች፣ አንድ ቅስት። ሀይማኖት የሂሳብ ደብተሯን የመጨረሻ ገጽ ሞልታ ልትጨርሰው ምንም አልቀራትም። የእረፍት ደወል ከተደወለ ቆይቷል፤ ስምንተኛ ክፍሎች በሙሉ ውጭ ናቸው። እሷ ግን ወጥታ ምን ልታደርግ? ግድግዳ ተደግፋ ሌሎች ሲጫወቱ ልታይ?

አባቷ በሥራ ምክንያት ከክብረ መንግሥት ወደ ነገሌ ከተዛወረ ሦስት ወሩ ነው። በእነዚህ ወራት የክፍሏ ሴቶች በኦሮምኛ ሰላምታ «አካም» ይሏታል፣ እሷም «ናጋ» ብላ ትመልሳለች፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ብቸኝነቱ ሲከብዳት እስክሪብቶዋን ታነሳለች። ያንኑ መስመር ደግማ ደጋግማ ስትስል ትንፋሿ ረጋ ይላል፣ ትከሻዋ ይላላል፤ የሚያናግራት እንደሌለ ለአፍታ ትረሳዋለች።

«እንዴ! ይሄ ምንድነው?»

በድሪያ ነበረች። የክፍሉ ሴቶች ሁሉ የሚከተሏት በድሪያ፣ የረሳችውን ምሳ ዕቃ ልትወስድ ተመልሳ ከጀርባዋ ቆማ ታያለች።

«ዝም ብዬ ነው... ሲጨንቀኝ የምስለው።»

«በጣም ያምራል ባክሽ! ከየት አመጣሽው?»

ሀይማኖት ከየት እንዳመጣችው አላጣችውም። ነገሌ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከብት ገበያው አጠገብ አንዲት ግመል አንገት ላይ በጋለ ብረት ተተኩሶ ያየችው ምልክት ነው። ግን ከግመል ኮረጅኩ ይባላል እንዴ? «ራሴ ነኝ የፈጠርኩት» አለች።

በሳምንቱ አምስት ሴቶች ደብተራቸው ላይ አሳሏት። በእረፍት ሰዓት ዴስኳ መከበብ ጀመረ። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ በድሪያ ለእህቷ ሠርግ ብላ ሂና በጥብጣ መጣችና እጇን ዘረጋችላት። ሀይማኖት በቀጭን እንጨት እያጠቀሰች ከአንጓዋ እስከ ጣቶቿ ሥር ሣለችላት። ሁሉም ከበው ሲያደንቋት በደስታ ልትበር ደረሰች።

ጉያቱ ያየችው ያኔ ነው። ጉያቱ የኋላ ዴስክ ላይ ብቻዋን የምትቀመጥ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ በፊልቱ መንገድ ግመል ያረባሉ፣ እሷ ለትምህርት ብላ ነገሌ አክስቷ ቤት ትኖራለች።

«ይሄ እኮ ማላቶ ኬኛ ነው!» አለች የበድሪያን እጅ እያየች። «የእኛ ግመሎች ምልክት! ግመል ሲጠፋ በዚህ ነው የምናገኘው። ሰው እጅ ላይ ምን ይሠራል?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። በድሪያ ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔን ግመል ልትይኝ ነው? ሀይማኖት፣ ራስሽ አይደለሽ እንዴ የፈጠርሽው? ንገሪያታ!»

ሀይማኖት አቀርቅራ ዝም አለች።

«አየሽ? ውሸታም!» አለቻት በድሪያ ጉያቱን። ጉያቱ ሀይማኖትን ትክ ብላ አየቻትና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ «ግመሌን አይታችኋል?» እያሉ ሲያበሽቋት ዋሉ።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሀይማኖት ደብተሯን አውጥታ ለመሳል ሞከረች። ሁለት መስመሮች፣ አንድ ቅስት። ትንፋሿ አልረጋ አላት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እስክሪብቶውን ወረወረችው። አፍራለች፤ በራሷም ተናዳለች። እውነቱን ብትናገር እንደገና ብቻዋን ልትቀር ነው፤ ብቻዋን መሆን ምን እንደሚመስል ደግሞ ማንም እንዲነግራት አያስፈልግም።

በማግስቱ እረፍት ላይ ሁለት ሴቶች ተራ ይዘው እጃቸውን ዘረጉላት።

«አልስልም» አለች ሀይማኖት። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «እኔ አልፈጠርኩትም። ግመል ላይ አይቼ ነው የኮረጅኩት። ጉያቱ አልዋሸችም።»

አጠገባቸው የቆመችው በድሪያ እጇን ሻርፗ ውስጥ ሸሸገች። «እና አሁን እህቴ ሠርግ ላይ የግመል ምልክት ይዤ ልቁምልሽ? አንቺስ ጉድ ነሽ!» ብላ ወጣች። የቀሩትም ተከትለዋት ወጡ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ትናንት ለምን ዝም አልሽ?» አለች ጉያቱ ከኋላ።

ሀይማኖት ሰበብ ልትፈልግ ነበር፤ ተወችው። «እንዳይሄዱብኝ ብዬ።»

ጉያቱ ወደ በሩ አየች። «ሄዱ እኮ።»

«አዎ» አለች ሀይማኖት። «ሄዱ።»