ሊዲያ የሞተችበት እሁድ

በሺር የሥራ ባልደረባውን የክፍሉን አስከሬን ያገኘው እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከሲኒማው ጀርባ ካለው የብረት ደረጃ ሥር ነው። ክፍሉ በደረቱ ተደፍቷል። ቀኝ እጁ የቆዳ ጓንት እንዳጠለቀ ነው፤ ግራ እጁ ወደ ደረጃው ተዘርግቷል። «አቦ ተነስ፣ ቀልዱ ይብቃህ» አለው በሺር። ከዚያ ትከሻውን ነካና እጁን ሰበሰበ።

ዘመኑ ፲፱፻፶፩ ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለችው በዚያች ሲኒማ፣ ክፍሉ ከላይ ሆኖ የፊልሙን ማሽን ያንቀሳቅሳል፤ በሺር ታች ከሸራው አጠገብ ቆሞ እንግሊዝኛውን በማይክሮፎን ወደ አማርኛና ወደ ሶማሊኛ እየመለሰ ይተርካል። አሥር ዓመት እንዲህ ሠርተዋል።

ሰኞ ጠዋት ሻምበል ዓምራን ከፖሊስ ጣቢያ መጣ። ዝግ ብሎ የሚራመድ፣ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሳያይ የማያልፍ ሰው ነው። የብረት ደረጃውን እየቆጠረ ወጣ፤ እየቆጠረ ወረደ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ከበሺር ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ፊልሙ ስንት ሰዓት አለቀ?»

«ልክ አሥር ሰዓት።»

«መሐል ላይ አልተቋረጠም?»

«አልተቋረጠም።»

«ማሽኑ ብቻውን ይሄዳል?»

«አይሄድም። ፊልሙ ስድስት ጥቅል ነው። በየሃያ ደቂቃው አንዱ ሲያልቅ በሌላው ማሽን ቀጣዩን ማስነሳት አለ።»

«እንግዲያው ክፍሉ እስከ አሥር ሰዓት በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከአሥር እስከ አሥር ከሩብ አንተ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። የማይክሮፎኑን ገመድ ስጠቀልል።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ሻምበሉ ጻፈ። «ትናንት ጠዋት ደግሞ ሰው እየሰማ እጁን እንደምትሰብረው ነግረኸዋል።»

«በንዴት ነው። ፊልሙን በመቀስ እየቆረጠ ይወስዳል። እኔ በአፌ የምተርከው ነገር ከሸራው ላይ ይጠፋብኛል፤ ሕዝቡ ይስቅብኛል።»

«ቆርጦ ምን ያደርገዋል?»

በሺር ወደ ላይኛው ክፍል ይዞት ወጣ። ሁለቱ ማሽኖች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ከኋላቸው ወደ ብረት ደረጃው የሚያወጣ ጠባብ በር አለ። መደርደሪያው ላይ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል። በሺር ከፈተው። በውስጡ ቁርጥራጭ ፊልሞች በዓመት በዓመት ታስረዋል፤ ሁሉም የአንዲት ሴት ናቸው።

«ሊዲያ ዌልስ» አለ በሺር። «አሜሪካዊቷ ተዋናይት። ድሬዳዋ ከሷ ሌላ ማየት አይወድም።»

ሻምበሉ አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳ።

«ይሄ የመጀመሪያዋ ነው» አለ በሺር። «የቤት ሠራተኛ ሆና ሰሃን ይዛ ትገባለች፣ አንድ ቃል ተናግራ ትወጣለች። እዚህ ጋ ዳንሰኛ ናት። ይሄ ፈረስ ላይ የተቀመጠችበት፣ መጋላ ገበያ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ያየው ነው። ከዚያ የጦር ሜዳ ነርስ። የአሁኑ ላይ እናት ሆናለች። ፀጉሯን ሳትቀባ ቀርባለች፤ ከዚህ በኋላ አልሠራም ብላለች አሉ። ክፍሉ አሥራ አራቱንም ፊልሞቿን በቅደም ተከተል ነው የያዘው።»

በሺር ለሻምበሉ ያልነገረው ነገር ነበረው። የዚህን ቆርቆሮ ነገር እሁድ ጠዋት ለሲኒማው ባለቤት ለሐጂ ሞሐሙድ ሄዶ የተናገረው ራሱ ነው። ሐጂው ፊልሙን ከሚልክላቸው ድርጅት ከጅቡቲ ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር፤ «ፊልሞቻችን እያጠሩ ነው የሚመለሱት፣ ይህ ከቀጠለ አንልክም» የሚል። በሺር ማን እንደሚያሳጥራቸው ነገራቸው።

ሻምበሉ ቆርቆሮውን ዘጋ። «ነገ ጠዋት ወደ ሐረር የሚሄድ የፖሊስ መኪና አለ። እስከዚያ ሌላ ሰው ካላገኘሁ የምወስደው አንተን ነው። የደበቅከኝ ነገር ካለ ንገረኝ።»

«የለም» አለ በሺር።

ሐጂ ሞሐሙድ አዳራሹ በር ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው ነበር። ሻይ አስመጡ። ቀኝ እጃቸውን ከሽርጣቸው እጥፋት ውስጥ እንደከተቱ ብርጭቆውን በግራ እጃቸው አነሱ። ሻምበሉ ብርጭቆው ተመልሶ እስኪቀመጥ ድረስ በዓይኑ ተከተለው።

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ፊት ለፊት ሻይ ቤቱ፣ ከስድስት ሰዎች ጋር። ጠይቃቸው።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«የዓሱርን ሶላት ልሰግድ መስጊድ። አምስተኛው ጥቅል ሲጀምር እወጣለሁ፤ ሁልጊዜ ነው። ወላሂ፣ በዚህ አሥር ዓመት አንድም ፊልም እስከ መጨረሻው አላየሁም። መጨረሻውን በሺር ይነግረኛል።»

«ማሽኑን ከክፍሉ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«ከዓደን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ክፍሉንም ያስተማርኩት እኔ» አሉ።

ትኬት የምትቆርጠው ዳሃቦ ዓይኗ አብጦ ነው የመጣችው። ሻምበሉ እንድትቀመጥ ወንበር ሳበላት።

«ክፍሉን ትወጂው ነበር?»

«ክፍሉንማ ማን ይጠላዋል። ግን አቦ እውነቱን ልንገርህ፣ ማልቀስ የጀመርኩት ሳይሞት ነው። ሊዲያ ሞታብኝ።»

«ፊልሙ ላይ?»

«ትናንት ነዋ። ዓርብ ድና ቤቷ ገብታ ነበር፤ ቅዳሜም ድናለች። እሁድ ሞተች።»

ሻምበሉ እርሳሱን አስቀመጠ። «አንድ ፊልም በሦስት ቀን ሁለት መጨረሻ?»

«እኔን አትጠይቀኝ። በሺርን ጠይቀው፣ እሱ ነው የገደላት።»

ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሻምበሉ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። እሱ ከሸራው ሥር ቆመ፤ እነሱ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

«በሺር» አለ፣ «ሊዲያ ስትሞት ምን ታደርጋላችሁ?»

በሺር መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነርስ ሆና ሞተች። ሕዝቡ ወንበር ሰበረ፤ ሸራውን በጫማ መታ። ከዚያ ወዲህ ልትሞት ስትል ክፍሉ የማሽኑ ብርሃን ወደ ሸራው የሚያልፍበትን መስኮት ይዘጋና የአዳራሹን መብራት ያበራል። እኔ "ድና ቤቷ ገባች" እላለሁ። ለሐጂ አልነገርናቸውም፤ ፊልሙን በሙሉ ለማሳየት ፈርመዋል።»

ሐጂ ሞሐሙድ ወደ እሱ ዞሩ።

«እንግዲህ እናስላ» አለ ሻምበሉ። «ትናንት መስኮቱ አልተዘጋም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚዘጋው ሰው አልዘጋውም። ስለዚህ መጨረሻው ሲታይ ማሽኑ ጋ የቆመው ክፍሉ አልነበረም። ጓንቱም ይህንኑ ይላል። የማሽኑ መብራት በከሰል ዘንግ የሚነድ ነው፤ ሲሠራ በባዶ እጅ አይነካም። ክፍሉ ሥራ ሲጨርስ ጓንቱን አውልቆ ሚስማር ላይ ይሰቅላል፤ ሚስማሩን አይቼዋለሁ። አስከሬኑ ግን ጓንት አጥልቋል። የወደቀው ሥራ ላይ ሳለ ነው። ስድስተኛውን ጥቅል ያስነሳው ደግሞ ጓንት ያልነበረው ሰው ነው።»

ወደ በሺር ጠቆመ። «ይሄ በዚያ ሰዓት ሦስት መቶ ሰው ፊት ቆሟል። የቀረው ማሽኑን የሚያውቅ፣ የመስኮቱን ነገር ግን የማያውቅ ሰው ነው። በዚህ ከተማ ያንን መጨረሻ አይቶ የማያውቅ አንድ የሲኒማ ሰው ብቻ አለ። ሐጂ፣ መስጊዱ ሄጄ ነበር፤ ትናንት ዓሱር ላይ ያየዎት የለም። ዛሬ ደግሞ እርስዎን የመሰለ ሰው ሻይ በግራ እጁ ሲጠጣ አየሁ። ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ሐጂው እጃቸውን ከሽርጡ አወጡ። ሁለት ጣታቸው ላይ ቃጠሎው ውሃ ቋጥሯል።

«ቆርቆሮውን ስጠኝ አልኩት» አሉ ቀስ ብለው። «አልሰጥም አለ። ጎተትኩ፤ ጓንቱ አንሸራተተው። ከኋላው በሩ ክፍት ነበር። ከላይ ሆኜ ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም።»

«አልወረዱም?»

«ጥቅሉ ሊያልቅ ነበር። ፊልሙ ከቆመ ሰው ይወጣል፣ ያገኘዋል። እስኪያልቅ ላስብ አልኩ። ሞቷል ብዬ ነው።»

«ሦስተኛው ደረጃ ላይ የግራ እጅ ደም አለ» አለ ሻምበሉ። «ሲወድቅ የነካው ቢሆን ወደ ታች ይጎተት ነበር። ይህ ግን ብረቱን ጨብጦ የተነሳበት ነው፤ አራቱም ጣቶች ይታያሉ። ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል ይላል፣ አስከሬኑን ያየው ሐኪም።»

ሐጂ ሞሐሙድ በተቃጠለው እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ፖሊሶች መጥተው ሲወስዷቸው በሺር ከወንበሩ አልተነሳም።

«አንተ ነጻ ነህ» አለው ሻምበሉ። «ግን መስኮቱ ሳይዘጋ ሲቀር ምን አሰብክ?»

«ክፍሉ ሊያዋርደኝ መሰለኝ። ጠዋት ለተጣላነው። ወጥቼ ልየው ብል ደረጃው ከዚህ አርባ እርምጃ ነው። አልሄድኩም። ለሐጂም ስለ ቆርቆሮው የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ይሄንንም ጻፈው።»

«እሱ ወንጀል አይደለም።»

«ጻፈው ግን።»

ሻምበሉ ጻፈና ደብተሩን ይዞ ወጣ። ዳሃቦ ነጠላዋን አስተካክላ በሺርን ለማጽናናት አጠገቡ ተቀመጠች።

«ይጣራ የነበረ ቢሆንስ?» አላት። «ክፍሉ፣ ከውጭ። አልተሰማሽም?»

«በምን ጆሮዬ ወንድሜ? አዳራሹ በሙሉ ዋይታ ነበር።» ትከሻውን ዳበስ አደረገችው። «ሊዲያን እንደ ትናንቱ አሳምረህ ተርከህ አታውቅም።»