ጠርቶ የቀረው ዓይን

የታላቁ ጦርነት ሁለተኛ ዓመት ነበር፤ ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ከወንዙ የተነሣው ጭጋግ የጦር ሰፈሩን አልፎ፣ የገበያውን ጎዳና ሞልቶ፣ በፎቶግራፍ ቤቱ የመስተዋት ጣሪያ ላይ ተኝቷል። ብርሃኑ በውኃ የቀጠነ ወተት ይመስላል። ፎቶግራፍ አንሺዋ መበለት ቀና ብላ አየችው። አንድያ ልጇ የሚዘምተው ዛሬ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚቀረጽበት የመስተዋት ሳህንም የቀራት አንድ ብቻ ነው፤ ዕቃውን የሚያመጡት መርከቦች ከቀሩ ሰንብተዋል።

ልጇ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ አንገቱን አስግጎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ የሰሞኑ ንዳድ አሁንም ያንቀጠቅጠዋል። ሻምበሉ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

«እሜቴ፣ የደረቱ ቁጥር በደንብ ይነበብ። አንዱ ቅጂ እኛ ዘንድ ይቀመጣል።»

«ቁጥሩ ምን ያደርግላችኋል ጌታዬ?»

«ሰው ሲወድቅ የምንለየው በሱ ነው።»

ገና ሳይሄድ ሬሳውን ሊለዩ ይሰናዳሉ አለች በሆዷ፤ ጥቁሩንም ጨርቅ ተከናንባ ገባች።

ከጨርቁ ሥር ዓለም ሌላ ናት። በካሜራው ጀርባ ባለው ደብዛዛ መስተዋት ላይ ልጇ ተዘቅዝቆ፣ በጭጋግ ውስጥ የሚንሳፈፍ ሆኖ ታያት። «በሆዴም እንዲህ ነበርክ» ብላ አንሾካሾከች።

የሌንሱን ቀዳዳ ብታጠበው ዓይኑም ቁጥሩም አብረው በጠሩ ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ብርሃን የጠበበ ቀዳዳ ረጅም ጊዜ ይሻል፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ በረጅም ጊዜ ውስጥ ጭስ ይሆናል። አስፍታ ብትከፍተው ደግሞ ሰፊ ቀዳዳ የሚያጠራው በአንድ ርቀት ያለውን ብቻ ነው፤ ፊቱ ከደረቱ ቀድሟልና፣ ከሁለቱ የሚጠራው አንዱ ብቻ ነው።

«ቀጥ በል!» አሉት ሻምበሉ። ቀጥ ሲል መንቀጥቀጡ ባሰበት።

«ይተዉት ጌታዬ» አለች።

ማጉያ መነጽሯን መስተዋቱ ላይ አድርጋ ምስሉን የሚያጠራውን ሽክርክሪት አዞረች። ቁጥሩ ጠራ፤ ዓይኑ ጭጋግ ውስጥ ገባ። መልሳ አዞረች፤ ቁጥሩ ሰመጠ፤ ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ብቅ አለ። እጇ እዚያ ላይ ቆመ።

ሳህኑ ከገባ በኋላ መስተዋቱ ይሸፈናል፤ ከዚያ ወዲያ ማየት የለም፤ ተቀማጩ ጣት ያህል ቢጠጋ ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ከሌንሱ አፍ ባሰረችው ክር እስከ ዓይኑ ያለውን ርቀት ለክታ ቋጠረች፤ ሳህኑን ካስገባች በኋላም፣ ከቦታው አለመነቃነቁን ለማየት ክሩን ዘርግታ ቋጠሮውን ከዓይኑ ሥር አስነካች።

«እማዬ፣ ሱሪ ልትሰፊልኝ ነው እንዴ?»

«አትሳቅ፣ ጉንጭህ ተነሣ! ትንሽ ወደ ኋላ... እንዲያ። አሁን ትንፋሽህን አውጣና ያዘው፤ ሰው የሚረጋው ሲያወጣ ነው።»

«አንቺ ሻምበል ብትሆኚ ጦሩ በሙሉ ታፍኖ ያልቅ ነበር።»

«ማለቅን አታንሣብኝ!»

ሻምበሉ በጢማቸው ሥር ሳቁ። እሷ ክሩን ሰበሰበች፤ የሌንሱንም ክዳን አነሣች። ቤቱ፣ ጎዳናው፣ ጭጋጉም ጭምር ትንፋሹን የያዘ መሰላት። ክዳኑን ስትመልስ ነው እሷም የተነፈሰችው።

«ቁጥሩ ይነበባል?» አሉ ሻምበሉ።

«ልጄ ይለያል» አለች።

ልጁ አልተመለሰም፤ የወደቀበትም አልታወቀም። እሷም እስክታልፍ ድረስ «ቁጥሩን መርጬ ቢሆን ኖሮ አፈሩን ያሳዩኝ ነበር ይሆን?» እያለች፣ ወዲያው ደግሞ ፎቶግራፉን አንሥታ ዓይኑን ታይ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ሥዕሉ በአንድ ቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩ «ስሙ ያልታወቀ ወታደር» ተብሎ ተጻፈ፤ ሊቃውንቱም ቁጥሩ የደበዘዘው በአንሺው ስህተት ነው ብለው አለፉ። ጠጋ ብሎ የሚያይ ግን፣ በወጣቱ ብሌን ውስጥ የጣሪያውን ብርሃንና ከሥሩ እጇን ያነሣች አንዲት ትንሽ ሴት ያገኛል። ስለ እሷ የጻፈ የለም።