አንድ ጊዜ የሚጠራው

አስቀድሜ ልንገርህ ወዳጄ፣ እኔ ጅብ ሲጮህ ጅብ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፣ ቡዳ አይደለም፣ ጠንቋይ የላከውም አይደለም፣ የራበው ጅብ ነው። አገር ቤት ሳለሁ ጠንቋይ ቤት በሚመላለሱ ጎረቤቶቻችን ላይ ሳሾፍ እናቴ «አፍህን ያዝ አንተ ልጅ!» እያለች ትቆጣኝ ነበር። ስለዚህ «ይሄ ሰውዬ ለየለት» አትበለኝ፣ ሌላ ሰው ቢያወራልኝ እኔም አላምነውም ነበር።

ዘመኑ የረሃቡ ዘመን ነው። ገዳሪፍ ውስጥ የመምህራን ማሰልጠኛ ተማሪ ነበርኩ፣ አስናቀ ከሚባል የጎንደር ልጅ ጋር ሐጃ ዘይነብ የምትባል ሱዳናዊት ግቢ ውስጥ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እናቴ ግን አርማጭሆ ቀርታለች፣ ብቻዋን። ለሰሊጥ ሥራ በመተማ በኩል የሚመላለስ ሰው ባገኘሁ ቁጥር «የሐጃ ዘይነብ ግቢ ነኝ፣ በሩ ላይ ትልቅ ዚር አለ፣ ሳትውል ሳታድር ትምጣ» ብዬ መልእክት እሰድላታለሁ። ዚር የምልህ ሱዳኖች ለመንገደኛ ብለው ደጃቸው የሚያኖሩት የውሃ ጋን ነው፣ ጣሳው በገመድ ታስሮ ጎኑ ላይ ይንጠለጠላል። መልስ ግን አይመጣም፣ የሚመጣው የሞተ ሰው ወሬ ብቻ ነው።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ፣ ትምህርቱም ራሴ ውስጥ አልገባ አለ። በመጨረሻ አንዱ ኡስታዛችን፣ መምህራችን ማለት ነው፣ ዓይኔ ደም መምሰሉን አይቶ «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ለምሽትህ ሥርዓት አብጅለት» አለኝ። «ፀሐይ ስትጠልቅ መጽሐፉን ዝጋ፣ ወሬ አትስማ፣ ታጠብ፣ ሻይህን ጠጣ፣ ጋደም በል። በየቀኑ ሳታዛንፍ አድርገው። ሰውነት እንደ አህያ ነው፣ መንገዱን ካስለመድከው ራሱ ይሄዳል።»

እንዳለኝ አደረግሁ። ሲመሽ አንገረቤን፣ ያቺን የገመድ አልጋ፣ ግቢው ውስጥ አወጣለሁ፣ እግሬን ሳፋ ውስጥ እዘፈዝፋለሁ፣ አስናቀ ደግሞ ሻይ በወተት እያፈላ «ጌታዬ፣ ሌላ የጎደለብዎት ነገር አለ?» እያለ ይቀልድብኛል። ከከተማው ውጪ ስደተኛ እንደ ቅጠል እየረገፈ እኔ እግሬን መዘፍዘፌ ያሳፍረኝ ነበር፣ ግን እመነኝ፣ እንቅልፌ ተመለሰ።

አንድ ምሽት እግሬን ሳፋው ውስጥ እንዳስገባሁ፣ ከደጅ «ምትኬ!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ።

ስሜ ደሳለኝ ነው። ምትኬ የምትለኝ እናቴ ብቻ ናት፣ ከእኔ በፊት ልጅ ሞቶባት ነበርና። ገዳሪፍ ውስጥ ይህን ስም የሚያውቅ ነፍስ አልነበረም፣ አስናቀም ጭምር። ሳፋውን ገልብጬ በባዶ እግሬ ሮጥኩ፣ እናቴ መጣችልኝ ብዬ። ሰው የለም። የዚሩ ጣሳ ብቻ በገመዱ ላይ ይወዛወዛል፣ ነፋስ ደግሞ ዝር አላለም። ስመለስ አስናቀ «ምን ነካህ?» አለኝ። እሱ ምንም አልሰማም።

በማግሥቱም እግሬ ውሃውን ሲነካ ድምፁ ጠራኝ። በሌላውም ቀን። ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁልጊዜም ሮጬ እወጣለሁ፣ ሁልጊዜም ባዶ መንገድና የሚወዛወዝ ጣሳ። በየምሽቱ እናቴን አግኝቼ በየምሽቱ እቀብራት ነበር ብል ይገባሃል?

ሲብስብኝ ለአስናቀ ነገርኩት።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠራህ?»

«አንድ ጊዜ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «አፈር ስሆን፣ ሁለተኛ እንዳትወጣ! ሲመሽ አንድ ጊዜ የሚጠራ ሰው አይደለም። ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ይሠልሳል።»

ልስቅበት ነበር፣ ግን ቃሉ የእናቴ ነው። በልጅነቴ «ሲመሽ ከደጅ ቢጠሩህ፣ ሦስት ጊዜ ሳይሉህ አቤት እንዳትል፣ እኔም ብሆን ሦስት ጊዜ እጠራሃለሁ» ትለኝ ነበር፣ እንዳለችውም ከማሳ ስትመለስ ሦስት ጊዜ ሳትጠራኝ ቀርታ አታውቅም። እኔ ባላምን እሷ ታምናለች አልኩ፣ ከመጣች ሦስት ጊዜ ትጠራኛለች። እስቲ አሁን ይህ ሐሳብ ምን ስሕተት አለበት?

የመጀመሪያው ምሽት ጨነቀኝ፣ አንገረቤን ጨብጬ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ለመድኩት። «ምትኬ!» ይላል፣ እኔ ሻዬን ፉት እላለሁ። አህያው መንገዱን አወቀ።

ከዚያ ያ ምሽት መጣ። አስናቀ ሻይ እየቀዳ ነበር። «ምትኬ!» አለ፣ ድምፁ ግን ያን ቀን ሻክሯል፣ ቀጥኗል። አስናቀ የያዘው ብርጭቆ ሞልቶ እጁ ላይ ፈሰሰ።

«ሰማህ?» አልኩት።

«ምኑን?» አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

ሁለተኛውን ጠበቅሁ። ትንፋሼን ውጬ፣ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ፣ እምልልሃለሁ። ሁለተኛ አልመጣም። እግሬን አደራርቄ ተኛሁ፣ እንቅልፉም ደህና እንቅልፍ ነበር።

ጠዋት የቀሰቀሰን የሐጃ ዘይነብ ጩኸት ነው። እናቴ ዚሩን ተደግፋ ተቀምጣለች፣ የጣሳውን ገመድ እንደጨበጠች ደርቃለች። ጣሳው ውስጥ ጠብታ ውሃ አልነበረም። እግሮቿ በቡትቶ ተጠቅልለዋል፣ ስፈታው ያየሁትን አልነግርህም፣ ብቻ እኔ ማታ ማታ እግሬን ስዘፈዝፍ ነበር።

ሐጃ ደረቷን እየደቃች «መግሪብ እየሰገድኩ ሴት ስትጣራ ሰምቻለሁ፣ ሶላቴን ላቋርጥ? ስጨርስ ዝም አለች፣ ልጆቹ አስገቧት ብዬ ነው» አለች። ቀብሩ ላይ ደግሞ ከድንበሩ ከተማ ከገላባት በአንድ ሎሪ አብሯት የመጣ ሰው አገኘሁ። ገዳሪፍ የገቡት በቀብሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነው። «ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር» አለኝ፣ «መንገዱን ሙሉ ከማንም ጋር አላወራችም፣ ልጄን የምጠራበት ይትረፈኝ እያለች።»

አንድ ጥሪ ተረፋት፣ እሱንም ተጠቀመችበት።

አስናቀ ከመቃብሩ ስንመለስ «የትናንቱን እኔም ሰምቻለሁ» አለኝ። «የሰማሁት እሱን ብቻ ነው። ነግሬህ ብትወጣ ይወስድሃል ብዬ ፈራሁ።» ከዚያ ቀን ወዲህ ከአስናቀ ጋር አልተነጋገርንም።

እሷ የመጣችው ያን ቀን ብቻ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ምሽት ማን ነበር? ሰው ሲሰማ «ነፍሷ ቀድማት መጥታ ነው» ብሎ ያጽናናኛል። የእናት ነፍስ ልጇን እንዳይወጣ ታለማምዳለች? እየጠራ ያሰለቸኝ፣ እየጠራ ያደነቆረኝ፣ የእሷ ተራ ሲደርስ ዝም ብዬ እንድቀመጥ ያስተማረኝ ማን እንደሆነ አላውቅም።

ዛሬም ሲመሽ ማንም ቢጠራኝ በመጀመሪያው «አቤት!» ብዬ እነሳለሁ፣ ልጆቼ ይስቁብኛል። ያን ሰሞን ደግሞ ሲመሽ ሲመሽ ዚሩ ሥር እየተቀመጥኩ እስኪጠራኝ ጠበቅሁት፣ ቢያንስ ማን እንደሆነ ልየው ብዬ። ጣሳው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ምሽት በኋላ ጠርቶኝ አያውቅም፣ ምን ቀርቶት ይጠራኛል?