ከአንሶላው ጀርባ

አስከሬኑ ጠዋት ከጀልባ ማቆሚያው ስር ሲወጣ የአንሶላው ገመድ አሁንም የእጁ አንጓ ላይ እንደተጠመጠመ ነበር። አናቱን በመቅዘፊያ ተመትቷል።

በየቅዳሜው ሐይቁ ዳር ዘጋቢ ፊልም በነጻ የሚያሳየው ይኸው ሟች ነው። መጋረጃውን እናቱ ናቸው ሁለት አንሶላ ገጣጥመው የሰፉለት። ነፋስ እንዳያጥፈው እሱ ሁልጊዜ ከጀርባው፣ ውሃው በኩል ቆሞ የታችኛውን ገመድ ይይዛል። ትናንት ፊልሙ ሳያልቅ አንሶላው ወደቀ። ሰው መቼም በነፋስ ማሳበብ ይወዳል፤ እያጉረመረመ ወደየቤቱ ገባ።

ፊልሙ የሟች አባት ስለሰመጡበት የጀልባ አደጋ ነበር። ከሟች በቀር አስቀድሞ ያየው የለም።

«ልጄ፣ ገዳዩ ማንም ይሁን ማን ፊት ለፊቴ ስሙን ጥሪልኝ» አሉ እናትየው መርማሪዋን። «የቀረኝን አንድ ልጅ ይዤ እርሜን ላውጣ።»

መርማሪዋ መጀመሪያ የጠየቀችው ባለ ጀልባውን ነው።

«ማቆሚያዬን እየዘጋብኝ ስንቴ ተጨቃጭቀናል» አለ። «ግን ሰው አልገድልም። ፊት ተቀምጬ ፊልሙ ላይ መረብ የሚሰፋውን ሽማግሌ እያዳመጥኩ ነበር።»

«ምን አለ?»

«ከማዶ ሆኜ አይቻለሁ፣ አባትየው ሲሰምጥ አብሮት የነበረው ጀልባውን አዙሮ ጥሎት ሄደ፣ አለ። ማን እንደሆነ ሊናገር ሲል አንሶላው ወደቀ።»

የፊልም ማሽኑ ሠራተኛም ያንኑ ደገመ፤ ከማሽኑ ንቅንቅ አላለም። የሟች ታላቅ ወንድም ዓይኑ እስኪቀላ አልቅሷል።

«የት ነበርክ?»

«ከተመልካቹ ኋላ ቆሜ።»

«ሽማግሌውን ታውቀዋለህ?»

«የት አውቄው። ትናንት በፊልሙ ነው ያየሁት። እንደኔ ግራኝ ነው፤ በግራው ሲሰፋ ገርሞኝ ነበር።»

መርማሪዋ ደብተሯን ዘጋች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። መስኮቱ ተሸፍኖ፣ ያው አንሶላ ተሰቅሎ፣ ሽማግሌው ሲሰፋ ፊልሙን አስቆመችው።

«በየትኛው እጁ ነው?»

«በቀኙ» አለ ባለ ጀልባው።

ታላቅየውን ክንዱን ይዛ ከአንሶላው ጀርባ ወሰደችው። «ከዚህስ?»

ከዚህ በኩል ሽማግሌው መርፌውን የያዘው በግራው ነበር።

«አንሶላው ስስ ነው» አለች። «ምስሉ ወደ ጀርባ ያልፋል፤ ግን ቀኙ ግራ ይሆናል። ሽማግሌውን ግራኝ አድርጎ ያየ ሰው ከተመልካቹ ጋር አልነበረም። ውሃው በኩል፣ ሟች አጠገብ ነበር። አንሶላው የወደቀው ደግሞ ስም ሊጠራ ሲል ነው። ስሙ እንዳይጠራ የፈለገ ያ ጥሎ የሄደው ሰው ብቻ ነው።»

«ሊያዋርደኝ ነበር» አለ ታላቅየው። «በከተማው ሁሉ ፊት።»

መርማሪዋ ለማሽኑ ሠራተኛ ምልክት ሰጠችው። ሽማግሌው ንግግሩን ቀጠለ፦ «ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ልጅ እግር ነበር፤ ፈርቶ ነው።» ከካሜራው ኋላ የሟች ድምፅ ተሰማ፦ «ማንም ይሁን ማን፣ እኛ ቤት ይቅር ብለነዋል።» ፊልሙ አለቀ።

ታላቅየው ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ» አለ።

እናትየው አላዩትም። አንሶላውን አውርደው ስፌቱን በጥርሳቸው ይተረትሩ ነበር።

«አንዱ ካንተ አልጋ ነው፣ አንዱ ከሱ» አሉ። «በሱ ወንድምህን እገንዝበታለሁ። ያንተን እስር ቤት ይዘኸው ሂድ።»